ርካሽ መበየጃ፣ ውድ ሰሌዳ፦ ለቤት ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሆን መሣሪያ አመራረጥ

በየቤቱ ሥራ አቁመው በመሳቢያና በቁም ሣጥን ውስጥ ከሚከማቹት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መካከል ብዙዎቹን ወደ አገልግሎት ለመመለስ አዲስ መለዋወጫ አያስፈልግም፤ የተላቀቀ ሽቦን ወይም የተሰነጠቀ መገጣጠሚያን እንደገና መበየድ ይበቃል። የራዲዮ ባትሪ ሽቦ፣ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ፣ የሶላር መብራት ማብሪያና ማጥፊያ፣ እንዲሁም በቴሌቪዥን የኃይል ሰሌዳ ላይ ያበጠ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክን ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) ሁሉም የሚጠገኑት ወይም የሚተኩት በአንድ መሣሪያ ሲሆን፣ እርሱም በገበያ «ሶልደሪንግ አይረን» ወይም በአጭሩ «ሶልደሪንግ» የሚባለው፣ በዚህ ጽሑፍ ደግሞ መበየጃ እየተባለ የሚጠራው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ባለ እጀታ ዘንግ ነው። ብረት በያጅ ብረቶቹን ራሳቸውን አቅልጦ ሲያዋሕድ፣ የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ግን የሚገጣጠሙትን የመዳብ ክፍሎች ሳያቀልጥ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ቅይጥ በመካከላቸው እንዲፈስና እንዲረጋ ያደርጋል። ስለዚህ የጥሩ መበየጃ መለኪያው ቅይጡን ለማቅለጥ የሚበቃውን ሙቀት፣ ከሚበቃው ሳያሳልፍ፣ በተፈለገው ነጥብ ላይ ቶሎ ማድረስ መቻሉ ነው፤ በዋጋም ሆነ በዓይነት የሚደረገው ምርጫ ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ ይነሣል።

ለብዙ አሥርተ ዓመታት በኤሌክትሮኒክስ ሥራ ላይ የዋለው ቅይጥ ከቲን (ከነጭ ቆርቆሮ) እና ከእርሳስ የሚሠራ ነው። 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ የያዘው ዓይነት በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ፈሳሽነት የሚለወጥ በመሆኑ ለጀማሪ እጅግ ይመቻል፤ ሌሎቹ ቅይጦች በሚቀዘቅዙበት ጊዜ ከፊል ጠጣር ከፊል ፈሳሽ ሆነው የሚቆዩበት ቅጽበት ስላለ፣ በዚያ መካከል እጅ ከተንቀጠቀጠ ብየዳው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ተሰነጣጥቆ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2006 ጀምሮ በአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ግን ዓለም አቀፍ አምራቾች በአመዛኙ ከእርሳስ ነፃ ወደሆነ ቅይጥ ስለዞሩ፣ በአዳዲስ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ሰሌዳ ላይ ያለው ብየዳ ብዙውን ጊዜ ከቲን፣ ከጥቂት ብርና ከጥቂት መዳብ የተሠራ ነው። ይህ ቅይጥ የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ጀምሮ ሲሆን፣ ደካማ መሣሪያ የያዘ ሰው አሮጌውን ራዲዮ በቀላሉ ጠግኖ በአዲሱ ቴሌቪዥን ሰሌዳ ላይ የሚቸገርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ገዢዎች በሱቅ ደጃፍ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ዋት ነው፤ ሻጮችም «ይኼ 60 ነው፣ ያኛው 40 ነው» እያሉ ያወዳድራሉ። ዋት ግን መሣሪያው በሴኮንድ የሚያመነጨውን ኃይል እንጂ ጫፉ የሚደርስበትን የሙቀት መጠን አይናገርም። አንድ ማንኪያ የፈላ ውሃ አንድ ገንዳ ቀዝቃዛ ውሃ ለብ እንኳ ሊያደርግ እንደማይችል ሁሉ፣ ጫፉ 400 ዲግሪ የደረሰ ነገር ግን ኃይሉ አነስተኛ የሆነ መበየጃ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ሲነካ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ሽቦው ሙቀቱን ከሚመጣለት ፍጥነት በላይ ስለሚጠጣበት ቅይጡ ሳይፈስ ይቀራል። በተቃራኒው 60 ዋት ያለው፣ የሙቀት መጠኑን የሚቆጣጠር አካል ግን የሌለው መበየጃ በማስቀመጫው ላይ ሥራ ሲፈታ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ የሚገታው ነገር ቢኖር ወደ አየር የሚያመልጠው ሙቀት ብቻ ስለሆነ ከ400 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው።

ከልክ ያለፈ ሙቀት የሚያደርሰው ጉዳት በዝርዝር መታየት ይገባዋል፤ ርካሹን መሣሪያ ውድ የሚያደርገው እርሱ ነውና። በሰሌዳው ላይ ብየዳው የሚያርፍበት ክብ የመዳብ ገጽ፣ ባለሙያዎች ፓድ የሚሉት፣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 35 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን ይህም ከሰው ፀጉር ይቀጥናል፤ ከሰሌዳው የመስታወት ቃጫና ሙጫ ጋር የተያያዘውም በማጣበቅ ብቻ ነው። ከልክ በላይ የጋለ ጫፍ ሲያርፍበት በመጀመሪያ ፍለክስ የሚባለው የብየዳ ማጽጃ ሥራውን ሳይጨርስ ጢስ ሆኖ ይጠፋል፤ ቀጥሎ የሚያብረቀርቀው ቅይጥ ይደበዝዝና ጫፉ ሲነሣ ተጎትቶ እሾህ ያወጣል፤ ጠጋኙ «ገና አልያዘም» ብሎ ሲደግመው ሰሌዳው ዙሪያውን ይጠቁራል፣ ማጣበቂያውም ይላላና ፓዱ ከጫፉ ጋር ተንሸራትቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ጥገናው የጀማሪ ሥራ መሆኑ ያበቃል፤ የተቆረጠውን መስመር በቀጭን ሽቦ መልሶ ማገናኘት ልምድና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በትክክለኛ ሙቀት የተሠራ አንድ ብየዳ ግን ከሁለት እስከ አራት ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መበየጃ ከመምጣቱ በፊት የመዳብ ራስ ያለው ዘንግ በከሰል እሳት ላይ እየጋለ ያገለግል ነበር። ኧርንስት ዛክስ እ.ኤ.አ. በ1921 በበርሊን ኤርሳ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ የኤሌክትሪክ መበየጃን ለኢንዱስትሪ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ከሆነ ወዲህ ያለው የመሣሪያው ታሪክ በአብዛኛው ሙቀትን የመቆጣጠር ታሪክ ነው። ከዘዴዎቹ ሁሉ የሚደነቀው ዌለር የተባለው ኩባንያ የሠራው ነው፤ በጫፉ መጨረሻ ላይ የተለጠፈች ልዩ ብረት የተወሰነ የሙቀት መጠን ላይ ስትደርስ የመሳብ ባሕርይዋን ታጣለች፣ ማግኔቱም ይለቃታል፣ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል፤ ስትቀዘቅዝ መልሳ ትሳባለች። በእነዚህ ጫፎች ላይ የተቀረጹት 6፣ 7 እና 8 ቁጥሮች 600፣ 700 እና 800 ዲግሪ ፋራናይትን፣ ማለትም ወደ 315፣ 370 እና 425 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያመለክታሉ፤ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ እንዲህ ያለ መሣሪያ በደህና ሁኔታ ላይ ያገኘ ሰው ባያልፈው ይሻላል።

ዛሬ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኙት መበየጃዎች በሙቀት አቆጣጠራቸው ይለያያሉ። ከሁሉ የሚረክሰው ምንም መቆጣጠሪያ የሌለው፣ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካው የ30፣ የ40 ወይም የ60 ዋት ዘንግ ነው። ከእርሱ በላይ የሚመጣው በእጀታው ላይ ከ200 እስከ 450 የሚሉ ቁጥሮች ያሉት ማዞሪያ የተገጠመለት ሲሆን፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚያዞሩት ሙቀትን ሳይሆን የሚገባውን የኤሌክትሪክ መጠን ብቻ ነው፤ የጫፉን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ስለሌላቸው በማዞሪያው ላይ የተጻፈው ዲግሪ ግምት ከመሆን አያልፍም። ይህም ቢሆን ማዞሪያው ሥራ በማይኖርበት ጊዜ ሙቀቱን ዝቅ ለማድረግ ስለሚያስችል ምንም ከሌለው ይሻላል። እውነተኛ ቁጥጥር የሚገኘው በማሞቂያው አጠገብ ሴንሰር ካለው መሣሪያ ነው፤ ጫፉ ሥራ ሲነካና ሲቀዘቅዝ ኃይሉን ይጨምራል፣ የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ይቀንሳል። መለያውም ብዙውን ጊዜ ጠቋሚው መብራት ነው፤ ሴንሰር ባለው መሣሪያ ላይ መብራቱ ሙቀቱ ሲሟላ ይጠፋል ወይም ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፣ ሴንሰር በሌለው ላይ ግን ሳይለዋወጥ በርቶ ይቆያል።

ከባለ ሴንሰሮቹ መካከል በጣም የተስፋፋው የጃፓኑ ሃኮ ኩባንያ 936 በተባለው ሞዴሉ መልክ የተሠራው ባለ ጣቢያ መበየጃ ነው፤ ጣቢያ የሚባለው ትራንስፎርመሩና መቆጣጠሪያው ያሉበት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ሳጥን ነው። የመጀመሪያው ሃኮ 936 መመረቱ ቢቆምም ልዩ ልዩ የቻይና ፋብሪካዎች በዚያው ንድፍ የሠሯቸው ርካሽ ጣቢያዎች በብዛት ይገኛሉ፤ ትልቁ ጥቅማቸውም 900ኤም የተባለውን የጫፍ ዓይነት መጠቀማቸው ነው፤ ይህ ጫፍ ከሌላው ሁሉ በቀላሉ የሚገኝ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ሌላው ቤተሰብ ማሞቂያውና ሴንሰሩ በጫፉ ውስጥ የታሸጉበት ሲሆን፣ ቲኤስ100 እና ፓይንሲል የሚባሉት ትንንሽ መበየጃዎች በዚህ መንገድ ተሠርተው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይሞቃሉ። የሚሠሩት ከ12 እስከ 24 ቮልት ባለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ መሰኪያው ከገጠመ በአሮጌ የላፕቶፕ ቻርጀር ይሞቃሉ፤ ቲኤስ100 በ24 ቮልት ወደ 65 ዋት፣ በ19 ቮልት 40 ዋት ገደማ፣ በ12 ቮልት ግን 17 ዋት ብቻ ይሰጣል። ፓይንሲል በዩኤስቢ ሲ ገመድም ይሠራል፤ ነገር ግን 5 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ተራ የስልክ ቻርጀር አያሞቀውም፣ ለላፕቶፕ የሚሆነው ባለ 65 ዋት ዓይነት ያስፈልገዋል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የሚኖርና የ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ያለው ሰው በእነዚህ መሣሪያዎች፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፣ ቀጫጭን ሽቦዎችን መበየድ ይችላል።

የኤሌክትሪክ አቅርቦት ነገር ለኢትዮጵያ ገዢ የተለየ ክብደት አለው። መቆጣጠሪያ የሌለው መበየጃ የሚሰጠው ኃይል ከቮልቱ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ለ220 ቮልት የተሠራ ባለ 60 ዋት መበየጃ የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ 40 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ ብዙ ምድጃና ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት መበየጃው «ሰነፈ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ጉዳዩ በተቃራኒውም ይሠራል። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የተላከ፣ ለ120 ቮልት የተሠራ የ40 ዋት መበየጃ በኢትዮጵያ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ቢሰካ ከ130 ዋት በላይ ይስባል፣ ማሞቂያውም ቶሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ከዚያ የሚያስመጣ ሰው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ቻርጀር ያለውን ዓይነት ቢያዝ ይሻለዋል፤ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣው በቮልት በኩል ችግር የለበትም፣ የስፒናው ቅርጽ ብቻ ሊለያይ ይችላል።

መልቲሜትር፣ ማለትም ቮልትና ኦም የሚለካው ትንሽ መሣሪያ፣ በእጁ ያለ ገዢ በሱቁ ውስጥ ሳይሰካ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ምርመራዎች አሉ። ማዞሪያ የሌለውን ተራ መበየጃ በሁለቱ የስፒና እግሮች መካከል ቢለካ፣ በ220 ቮልት 60 ዋት የሆነው ወደ 800 ኦም፣ 40 ዋቱ ወደ 1200 ኦም፣ 30 ዋቱ ወደ 1600 ኦም ማሳየት ይኖርበታል፤ «60 ዋት» የሚል ጽሑፍ ይዞ 1600 የሚያሳይ መበየጃ ጽሑፉና ውስጡ አይስማሙም። ቀጥሎ ከየስፒናው እግር እስከ ብረቱ ጫፍ ሲለካ ምንም መገናኘት ሊኖር አይገባም፤ መገናኘት ካለ ኤሌክትሪኩ ወደ ጫፉ ይፈስሳል፣ ያም ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ይጎዳል። የመሬት ሽቦ (ግራውንድ) ያለው ስፒና ከሆነ ደግሞ ከግራውንዱ እስከ ጫፉ ያለው ንባብ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ግራውንድ ያለው መሣሪያ መምረጥ ተገቢ የሚሆነው፣ ከማሞቂያው ወደ ጫፉ የሚያፈተልከው ጥቂት ቮልት ለሰው ባይሰማም ስስ የሆኑ ቺፖችን ሊገድል ስለሚችል ነው፤ በቤቱ ግድግዳ ውስጥ የመሬት ሽቦ ካልተዘረጋ ግን ሦስተኛው እግር የሚሰጠው ጥበቃ የለም፣ በዚያን ጊዜ በባትሪ የሚሠራው ዓይነት ይመረጣል።

ገመዱም መታየት አለበት። ለስላሳው የሲሊኮን ገመድ የጋለ ጫፍ ቢነካው አይቀልጥም፤ ደረቁ የፕላስቲክ ገመድ ግን በአንድ ንክኪ ተልጦ ሽቦው ይጋለጣል።

ከመበየጃው ክፍሎች ሁሉ ገዢው ሊጨነቅበት የሚገባው ጫፉ ነው። የጥሩ ጫፍ እምብርት ሙቀት በሚገባ የሚያስተላልፍ መዳብ ሲሆን ላዩ በስስ ብረት የተለበጠ ነው፤ የቀለጠ ቲን መዳብን እያሟሟ ስለሚበላ፣ ልባጭ የሌለው የመዳብ ጫፍ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቦረቦራል። ልባጭ የሌለው መዳብ በማግኔት ስለማይሳብ ትንሽ ማግኔት ለገዢው መጠነኛ ፍንጭ ትሰጣለች። በብረት የተለበጠን ጫፍ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ በብዙ ቤት የሚታይ ስሕተት ነው፤ ልባጩ ከተገፈፈ ጫፉ አለቀለት። ማጽዳት የሚገባው በጥቂቱ በራሰ ስፖንጅ ወይም በነሐስ መፋቂያ ሲሆን፣ ሥራ ሲያልቅ አዲስ የመበየጃ ሽቦ፣ ማለትም በሽቦ መልክ የሚሸጠውን ቅይጥ፣ አቅልጦ ጫፉን ማልበስና እንደዚያው ማጥፋት ዕድሜውን በብዙ ያራዝመዋል። ስለ ቅርጹ የተለመደው አስተሳሰብ መታረም አለበት፤ ጀማሪ «ለረቂቅ ሥራ» ብሎ እንደ መርፌ የሾለውን ጫፍ ይመርጣል፣ ሹል ጫፍ ግን የሚነካው ስፋት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሙቀት አያስተላልፍም፣ ጠጋኙም ያን ለማካካስ ዲግሪውን ይጨምራል። ስፋቱ 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ጫፍ አብዛኛውን የቤት ሥራ ይሠራል፤ በጠርዙ ለትንሹ፣ በገጹ ለትልቁ ያገለግላል።

የመበየጃው ሽቦ ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ወጪ ነው። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በውስጡ ሮዚን (ከጥድ ሙጫ የሚገኝ ፍለክስ) የያዘና 63 በ37 የሆነ ሽቦ ለቤት ሥራ የሚበጀው ነው፤ እርሳስ የበዛበት ቅይጥ፣ ለምሳሌ 40 በመቶ ብቻ ቲን ያለው፣ ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው በ238 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መሣሪያውን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። መቆጣጠሪያውን ለዚህ ሽቦ ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ማድረግ ይበቃል። ከእርሳስ ነፃ የሆነውን የፋብሪካ ብየዳ መንቀል ሲያስቸግር፣ ላዩ ላይ ጥቂት ባለ እርሳስ ሽቦ መጨመር ቅይጡን በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ያደርገዋል። ቆርቆሮ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አሲድ ያለበት ማጽጃ ግን ከኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ፈጽሞ መራቅ አለበት፤ ብየዳው ካማረ በኋላም ቀስ በቀስ መዳቡን ይበላዋል። በብየዳ ጊዜ የሚነሣው ጢስ የሮዚን እንጂ የእርሳስ አይደለም፤ እርሳስ የሚፈላው በ1749 ዲግሪ ነውና። ቢሆንም የሮዚን ጢስ ሳንባን ስለሚያስቆጣና አስም ስለሚያመጣ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል፤ እርሳሱ ደግሞ የሚገባው በእጅ በኩል ስለሆነ ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አለመበየድ፣ ከሥራ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሕፃናትንም ከፍርፋሪው ማራቅ ግዴታ ነው።

በመበየጃ የማይጠገን ነገርም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ማሞቂያ ሽቦ ከብየዳው መቅለጫ በላይ ስለሚግል በዚህ መንገድ ቢያያዝ እንደበራ ይለቃል፤ በሊቲየም ባትሪ ገላ ላይ በቀጥታ መበየድ ደግሞ የእሳት አደጋ ያስከትላል። የቴሌቪዥን የኃይል ሰሌዳ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ቮልት ሊቆይ ስለሚችል፣ ያን ማራገፍ ያልተማረ ሰው ሥራውን ለባለሙያ ሊተው ይገባል።

በእነዚህ ነገሮች ሁሉ ሚዛን ሲታይ፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ገመድ ለሚቀጥል ቤተሰብ ባለ 40 ዋቱ ተራ መበየጃ፣ የተለበጠ ጫፍና ጥሩ ሽቦ ከተጨመረለት፣ በቂ ነው፤ ሰሌዳ ለመንካት የሚያስብ ሰው ግን ለእርሱ የሚያወጣውን ገንዘብ ቆጥቦ በ936 መልክ የተሠራ፣ ሴንሰርና ግራውንድ ያለው፣ 900ኤም ጫፍ የሚቀበል ባለ 60 ዋት ጣቢያ ቢገዛ፣ የላፕቶፕ ቻርጀር ያለውም ወደ ፓይንሲል ዓይነት ቢያዘነብል ዋጋው ይመለስለታል። ከመግዛቱ በፊት ግን በዚያው ገበያ መለዋወጫ ጫፉ መገኘቱን ይጠይቅ፤ ጫፍ የማይገኝለት መበየጃ ምንም ቢረክስ አይገዛም። አዲሱን መሣሪያም በሚወደው ዕቃ ላይ ከመሞከሩ በፊት፣ ለቆራሌው ሊሰጥ ያስቀመጠውን አሮጌ ራዲዮ ከፍቶ፣ እጁ ሙቀቱን እስኪለምድ ድረስ ክፍሎቹን እየነቀለ መልሶ ይበይድ።